ከላይ ሆና የጠራችኝ ቀን

ያን ቀን እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ ሰይድ፣ ጀርባዬ ላይ የታዘለው ጀማል፣ ሰባት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ልጄ ዘምዘም፣ የሰይድ ታላቅ እህት እትዬ ከድጃ እና ባለቤቷ ጋሽ ሙሔ። ጋሽ ሙሔ እንኳ አጥሩ ውስጥ አልገባም፤ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ሲጠብቀን ነው የዋለው። ግን እሱን ካላነሳሁ ነገሩ ጎዶሎ ይሆንብኛል። እሱ ዛሬ በሕይወት የለም፣ አላህ ይዘንለት። ጀማል አድጎ ዋጃ ላይ ሱቅ ከፍቷል። ዘምዘም ጎብዬ ታስተምራለች። እኔና ሰይድ እዚሁ ቆቦ አለን። እትዬ ከድጃን ግን አለች ልበል የለችም ልበል አላውቅም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ከመናኸሪያው ጀርባ የተተከለው የልጆች መጫወቻ ነው። በጭነት መኪና ፈታተው አምጥተው፣ ሲገጣጥሙት ሰንብተው ለአረፋ አደረሱት። በአየር የተነፋ ሸርተቴ አለው፤ እርስ በርስ የሚጋጩ ትንንሽ መኪናዎች አሉት፤ መሀሉ ላይ ደግሞ እንደ ጋሪ ጎማ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ዙሪያውን ወንበር የተንጠለጠለበት ብረት አለ። ሙዚቃው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። የዘምዘም ልጅ ሂክማ ለበዓሉ እኔ ዘንድ ስለነበረች፣ ሙዚቃውን በሰማች ቁጥር ቀሚሴን እየጎተተች አላስቀምጥ አለችኝ። ወሰድኳት። አብራት የምትቀመጥ ትልቅ ልጅ ከጎረቤት ፈልጌ፣ የወንበሩን ማሰሪያ በእጄ ጎትቼ አይቼ፣ ከታች ቆምኩ። ጎማው ዞሮ እስኪያበቃ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። አንዲት የማውቃት ሴት ከጥላው ስር ሆና ነይ ተቀመጪ ብትለኝም በእጄ እምቢ አልኳት። ፀሐዩ አናቴን ይመታኝ ነበር። ሂክማ ከላይ ሆና ስትፈልገኝ ትታኝ በሄደችበት ቦታ እንድታገኘኝ ነበር የፈለግኩት። ለምን እንደሆነ ለሴትዮዋ ልንገራት ብል ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

ያኔ ሀያ ሦስት ወይ ሀያ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ዛሬ ያለንበት ቆቦ ዳር ሲሆን፣ እርሻችን ከከተማው ወጣ ብሎ በሮቢት በኩል ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በደንብ የገባለት ዓመት የእኛ አገር ማሽላ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰውራል። ፍሬ መያዝ ሲጀምር ወፉ እንደ ደመና ይመጣል። ስለዚህ ማሽላው መሀል በረጃጅም እንጨት ማማ ይሠራል፤ ልጆች እዚያ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። ዘምዘም ከአጎቷ ልጆች ጋር ማማ መውጣት የጀመረችው ገና ስድስት ዓመት ሲሆናት ነው። ወንጭፍ ለማሽከርከር እጇ ባይጠነክርም፣ ዓይኗን የሚያህል ዓይን ግን በዚያ ሁሉ ማማ ላይ አልነበረም። ከሩቅ የሚሄድን ሰው በአካሄዱ ትለየዋለች።

ምሳ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። ማሽላው ውስጥ ከገቡ ወዲያ ከሰማይ በቀር የሚታይ የለም። ቅጠሉ ፊት ይቧጭራል፤ ትናንት የሄዱበት መንገድ ዛሬ አይገኝም። እኔ ደግሞ ድሮም አቅጣጫ አይገባኝም፤ እባብ ይኖራል ብዬ እግሬ ስር ሳይ ጭራሽ እጠፋለሁ። ዘምዘም ከማማው ላይ ሆና የማሽላው ጫፍ ሲወዛወዝ ታይና እኔ መሆኔን ታውቃለች። ያን ጊዜ ድምፅዋን ረዘም አድርጋ ትጣራለች፤ «እማ ሆይ፣ እዚህ ነኝ። በግራ ነይ። አሁን ቀጥ በይ።» እንዳለችኝ እየሄድኩ ማማው ስር እደርሳለሁ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ልጆች ሁሉ ምሳ የምታመጣ እናታቸውን እንዲሁ ነው የሚመሩት። በዚያ ወቅት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሜዳው በሙሉ በግራ ነይ በቀኝ ነይ ይላል። እትዬ ከድጃም በልጅነቷ ወፍ የጠበቀችው እዚያው መሬት ላይ ነው፤ የአባታቸው መሬት ነውና።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዘምዘምን ወባ ጣላት። ከዚያ በፊትም ይዟት ያውቅ ነበር፤ ያን ጊዜው ግን ሌላ ነበር። ሰውነቷ እንደ ምጣድ እየጋለ ትቀባዥር ነበር። የማማውን ጥሪ ዓይኗን ጨፍና ስትጣራ፣ «እዚሁ ነኝ ልጄ» እላታለሁ፤ አትሰማኝም። አላህ ብሎላት ዳነች። እትዬ ከድጃ መታመሟን ሰምታ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጋሽ ሙሔ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር በእሱ መኪና ነው የመጣችው። ልጅ አልወለደችም። ዘምዘም አጠገብ ተቀምጣ፣ ጨርቅ በውኃ እየነከረች ግንባሯን ስታቀዘቅዝላት ሰነበተች። ልትሄድ ስትል ሰይድን ለብቻው ጠራችው። በኋላ ሰይድ እንደነገረኝ፣ ልጅቷን ስጡኝና እኔ ዘንድ ትማር፣ እዚያ ብርድ እንጂ ወባ የለም፣ ትምህርት ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው አለችው። እሱም እሺ ብሎ ቃል ሰጣት።

እኔስ? አፌ እንጂ ልቤ እሺ አላለም ብል ውሸት ይሆናል። ልቤም እሺ ብሏል። ያን ትኩሳት ያየች እናት ለምን እሺ አትልም? እትዬ ከድጃን ደግሞ አውቃታለሁ፤ ያዘነች እንጂ የከፋች ሴት አይደለችም።

በእኛ ዘንድ ልጅ ዘመድ ቤት ሲቀር አይሰናበቱትም። አማቴ ይህን ደጋግማ ነገረችኝ። ልጅን ተሰናብተሽው ከሄድሽ ሲያለቅስ ይከርማል፤ በጨዋታ አዘናግተሽ፣ ዞር ሲልልሽ ውልቅ ማለት ነው። እኔንም እናቴ አክስቴ ቤት ስታስቀረኝ እንዲሁ ነበር ያደረገችው፤ ጥጃ ሳሳድድ ነበር። ስለዚህ ክረምት ላይ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሁላችንም ለጥየቃ እንሂድ፣ ስንመለስ ዘምዘም ትቅር ተባለ። ለእሷ እትዬ ከድጃን ልንጠይቅ ነው ከማለት ሌላ ያልናት የለም።

ነሐሴ ላይ ተነሳን። ነጭ ጤፍ አስፈጭተን፣ ቅቤ በቅል ይዘን፣ ለጀማል የሚሆን ጨርቅ አብዝቼ ጠቅልዬ። ሮቢትንና ጎብዬን አልፈን ወልዲያ ስንደርስ ዘምዘም አስመለሳት፤ ሎሚ ቆርጬ አሸተትኳት። ከዚያ በኋላ ግን መስኮቱን አልለቅ አለች። ኮምቦልቻ አደርን። በማግስቱ ጣርማ በር ላይ ጉሙ አውቶቡሱ ውስጥ ሲገባ እጇን ዘርግታ ልትይዘው ሞከረች። ቆላ ያደገ ልጅ ጉም የሚያውቀው ተራራው አናት ላይ ከሩቅ ነው። እኔ በገደሉ በኩል ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ሰይድ ነው የነገረኝ።

እትዬ ከድጃ ገና ሳትስመን የዕቃችንን ጥቅል ትበረብር ጀመር።

«ጥንቅሽ የታለ? ያለ ጥንቅሽ ነው ከቆቦ የምትመጡት?»

ሰይድ፣ «ገና ነሐሴ እኮ ነው እትዬ፤ ማሽላው ጉልበት አልደረሰም» አላት።

«ረሳሁት። ከተማ ወር ያስረሳል» አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ጥንቅሽ ለማያውቅ፣ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው። እትዬ ከድጃ ከአገሯ ነገር እንደ እሱ የምትናፍቀው አልነበረም። ማማ ላይ ወፍ ስትጠብቅ ስትመጥጥ የኖረች ናት።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነበር። ጠባብ፣ ግን እንደ እንቁላል የተጠረገ። በአንደኛው ክፍል ጥግ ላይ ትንሽ አዲስ አልጋ ተዘርግቶ ቀይ ብርድ ልብስ ለብሷል። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ የተማሪ ልብስ ተሰቅሏል፤ ራሷ ናት የሰፋችው። ዘምዘም ለማን እንደሆነ ብትጠይቃት «ለአንች ነዋ፤ ስትማሪ ትለብሽዋለሽ» አለቻት። ዘምዘም ቆቦ ስትመለስ የምትለብሰው መስሏት ደስ አላት። እትዬ ከድጃ በየጠዋቱ እንቁላል ትቀቅልላታለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራታለች። ሁለቱ የሚያወሩት ወሬ ሁሉ የእርሻው ነበር፤ የትኛው ዛፍ አለ፣ የትኛው ደረቀ፣ የማማው መሰላል ዛሬም ይንቀጠቀጣል ወይ። እኔ ከወዲያ ማዶ ጀማልን እያጠባሁ እሰማቸዋለሁ። ደስ ይለኛል፤ ከደስታዬ ስር ደግሞ የቀረንን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ቧንቧው ዘንድ ዕቃ ስናጥብ፣ እትዬ ከድጃ ያሰበችውን ነገረችኝ። አውቶቡሱ የሚነሳው በማግስቱ ንጋት ላይ ነው። ከቤት ወጥታችሁ ብትሄዱ ልጅቷ በር ላይ ታለቅሳለች፤ ከዚህ በኋላ ያ በር ማልቀሻዋ ይሆናል አለች። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ ልጆች መጫወቻው እንሂድ። ዕቃችሁን ሙሔ መኪናው ላይ ይጭነዋል። እኔ ትልቁ ጎማ ላይ አብሬያት እወጣለሁ፤ እዚያ ላይ ከወጣች ቶሎ አትወርድም፤ እናንተ በዚያ መሀል በበሩ ወጥታችሁ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዛችሁ ታድራላችሁ። ይህን ስትናገር አንዱን ብርጭቆ መላልሳ ታጥበው ነበር። እኔም ጥሩ አስበሻል አልኳት። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። ሁለታችንም የዚያ አገር ልጆች ነን፤ ልጅ እንዳያይ ብሎ ከፍታ ላይ የሚሰቅል ሰው ማን አለ? ማማ የሚሠራው እንዲያዩበት አይደለም ወይ? ጎማው ብረት ስለሆነና ቀለም ስለተቀባ ማማ መሆኑ አልታየንም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። መጫወቻው በአጥር የተከበበ ትልቅ ግቢ ነው። የፈንዲሻና የተጠበሰ ድንች ሽታ፣ የእርጥብ ሣር ሽታ፣ የልጅ ጩኸት ተደበላልቆ ተቀበለን። ዘምዘም መጀመሪያ እጄን አጥብቃ ያዘች፤ ቀስ በቀስ ጣቶቿ ላሉ። ሸርተቴው ላይ ወጣች። ዥዋዥዌ ተጫወተች። በሚጋጩት መኪናዎች ከአባቷ ጋር ገብታ ሰይድ ሲያሽከረክር ጥግ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ እሱም ሳቀ። ሰይድ በሰው ፊት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እትዬ ከድጃ እንደ ጥጥ የተነፋ ሮዝ ከረሜላ ገዛችላት። ዘምዘም ነክሳ አፏ ውስጥ ሲጠፋባት ግራ ተጋብታ አየችኝ። «የት ሄደ እማ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ከሰዓት አሳልፈን አናውቅም ነበር። ለቅሶ ወይ ሠርግ ወይ ሕመም ሳይኖር ሁላችንም በአንድ ላይ ለጨዋታ ብቻ የወጣንበት ቀን እሱ ነው።

ጎማው ዘንድ ደረስን። ወደ ላይ ሳየው ከመስጊድ ሚናራ የሚበልጥ መሰለኝ። የሚያዞረውን ሰውዬ ብሎኑ ዛሬ ታይቷል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ጠዋት ጠዋት እናየዋለን እናቴ» አለኝ።

«ዛሬ ጠዋት ራስህ አይተኸዋል?»

«ካላመንሽኝ ቁልፉን ልስጥሽና አንች አጥብቂው» ብሎ ሳቀ። ወረፋ የያዙትም ሳቁብኝ። እኔ ግን ማሰሪያውን ጎትቼ ሳላይ አልተመለስኩም።

እትዬ ከድጃ ትኬቱን ለሁለት ዙር ቆርጣ ነበር፤ ጊዜ እንዲኖረን። ከፍታ ትፈራለች፤ ከማማ ከወረድኩ ወዲህ ከደረጃ በላይ ወጥቼ አላውቅም ብላኝ ነበር። ቢሆንም ገብታ ተቀመጠች፤ ዘምዘምንም አጠገቧ አስቀመጠቻት። ዘምዘም ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «አትመጭም?» አለችኝ። ጀማል ታዝሏል፣ እኔ እዚህ ቆሜ አይሻለሁ አልኳት። ያልኳት ይህ ነው። እዚህ ቆሜ አይሻለሁ።

ጎማው ተነሳ። ሰይድ ክንዴን ነካ አደረገኝና ቀድሞኝ መንገድ ጀመረ፤ እኔ ተከተልኩት። ከጎማው እስከ በሩ ያለው መንገድ በሰው ተሞልቷል። ወላጅ ልጁን ይጎትታል፣ ልጅ ወላጁን ይጎትታል። ሰይድ ፈጠን ብሎ በመሀላቸው ገብቶ ተሰወረብኝ። እኔ ዓይኔ እንባ ስለሞላ ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው የማየው። ወደ ኋላ አትዙሪ ተብያለሁ፤ አልዞርኩም። በሩ ቅርብ ነበር።

ከሰማይ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

«እማ ሆይ፣ እዚህ ነኝ።»

ጎማው ሌላ ሰው ለመጫን ቆሞ፣ የእነሱ ወንበር አናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘምዘም በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ ሌላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጣራለች። አላለቀሰችም። ትታችሁኝ ሄዳችሁ አላለችም። የመሰላት ሌላ ነገር ነው፤ መንገድ የጠፋኝ መሰላት። ማሽላው ውስጥ እንደምጠፋው፣ እዚህም ሰው መሀል የጠፋሁ፣ እሷን ፈልጌ ያጣሁ መሰላት።

«በግራ ነይ፣ እማ። በግራ። ዛፉን እለፊው።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ማሰቤንም እንጃ። ያ ጥሪ ሲመጣ እግሬ መታዘዝ የለመደ ነው። በግራ ዞርኩ። ዛፉን አለፍኩ። «ቀጥ በይ አሁን» አለችኝ፤ ቀጥ አልኩ። ፈንዲሻ ሻጯ ዘንድ ስደርስ ወረፋው መንገድ ዘጋብኝ። «በቀኝ በኩል ዙሪው» አለችኝ፤ ዞርኩት። ጎማው መንቀሳቀስ ሲጀምር እሷም እየወረደች ድምፅዋ እየቀረበኝ መጣ። ብረቱ ስር ስደርስ ወንበሩም መሬት ደረሰ። ዘምዘም ልክ ምሳ እንዳደረስኩላት ቀን ፈገግ ብላ፣ «በጣም ሩቅ ሄደሽ ነበር» አለችኝ።

እትዬ ከድጃ ከአጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ከወንበሩ ወርዳ ዘምዘምን በሁለት እጇ አንስታ እኔ ፊት አቆመቻት።

«ውሰጃት እታለም» አለችኝ። «ይችን አስቀርቼ አንችን ማን መንገድ ይመራሻል?»

ከዚያ ወደ በሩ ስንሄድ፣ ዘምዘም ቀደም ብላ እየዘለለች፣ እትዬ ከድጃ ላይ ሳሉ የሆነውን ነገረችኝ። ዘምዘም ገና ስታየን፣ እትዬ ከድጃ ያን ተራራ እይው እያለች ፊቷን ወደ እንጦጦ ልታዞር ሞክራ ነበር። ዘምዘምም የአገራችን ተራራ መስሏት «ዞብል ነው?» ብላ አንድ ጊዜ አየችውና ወደ እኛ ተመለሰች። መጣራት ስትጀምር እትዬ ከድጃ አፏን ልትይዛት እጇን አነሳች። እጇ ግን እምቢ አላት። «እናቴ በማሽላው መሀል መሶቧን ይዛ ስትመጣ ታየችኝ» አለችኝ። «ያንን ጥሪ እንዴት አድርጌ እይዘዋለሁ?»

ሰይድ በሩ ላይ ቆሟል። እኔን አየ፣ ዘምዘምን አየ። ፊቱ ጠቆረ። ለእህቱ የሰጠው ቃል ነው። «ቃሌስ?» አለ፤ ለማንኛችን እንዳለው እንጃ።

እትዬ ከድጃ መለሰችለት። «ቃልህን የሰጠኸው ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ መልሼልሃለሁ።»

ጋሽ ሙሔ ከመኪናው ወርዶ ሁላችንንም ተራ በተራ ተመለከተ። ነገሩ ገብቶታል። ምንም ሳይጠይቅ ዘምዘምን አንስቶ ወንበሩ መሀል አስቀመጣት፤ «ጥሩ ነው፤ እናትሽ መንገድ አታውቅም፣ አባትሽ መንዳት አይችልም። አንች ባትኖሪ ቆቦ አይደርሱም ነበር» አላት። የሚጋጩትን መኪናዎች ወሬ በሩ ላይ ሰምቶ ኖሯል።

እትዬ ከድጃ አልወጣችም። አንድ ዙር ቀርቶኛል፣ ሙሔ መጥቶ ይውሰደኝ አለች። እኔ ብቻዋን ልታለቅስ የፈለገች መሰለኝ። መኪናው ተነስቶ አጥሩን ታክኮ ሲሄድ ግን ዘምዘም በመስኮቱ ጮኸች። ቀና ስንል እትዬ ከድጃ፣ ከፍታ የምትፈራዋ ሴት፣ ከአጥሩ በላይ ጎማው አናት ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ነጠላዋን አውርዳ ታውለበልባለች። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ድምፅዋን አወጣችው። «በቀኝ፤ በቀኝ ሂዱ።» ሰይድ እንኳ ሳቀ። ጋሽ ሙሔ አልሳቀም፤ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው ድረስ የተማሪ ልብሱንና ቀዩን ብርድ ልብስ ያመጣልን እሱ ነው። ከድጃ ትንሽ አሟታል፣ ሰላም በሉልኝ ብላለች አለን። ዘምዘም ልብሱን ለብሳ ቆቦ ትምህርት ቤት ገባች። እስኪያጥራት ለበሰችው፤ ከዚያም ጫፉን ፈትቼ አስረዘምኩት።

ወባው ተመልሶ አልመጣም ብል ደስ ባለኝ። መጥቷል። ያን ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እትዬ ከድጃ ዘንድ ብትሆን ይህ ባልመጣባት እያልኩ ብዙ አስቤአለሁ። ግን ዳነች። ኋላም አጎበሩ መጣ፣ መድኃኒቱም መጣ። ደግ አደረግኩ ወይ ክፉ፣ ዛሬም ለይቼ አልጨረስኩትም። እንዲያው ሰው አንዷን ልጅ ሁለት አድርጎ አንዷን እዚያ አንዷን እዚህ ማሳደግ ቢችል ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ጥንቅሽ እንልክላት ነበር። ዘምዘም ራሷ ማማ ላይ ሆና አገዳውን ትመርጣለች፤ በልጥ ታስረዋለች፤ ጋሽ ሙሔ ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆመን መኪናው ላይ እናስጭነዋለን። እሱም ከእሷ ዘንድ ሻሽ፣ ደብተር፣ አንዳንዴም ለእኔ ጫማ ይዞ ይመጣል። እትዬ ከድጃ ግን ወደ ቆቦ አልተመለሰችም፤ ዘንድሮ ባይሆን ለሚመጣው ዓመት እመጣለሁ እያለች ዓመት በዓመት ላይ አለፈ። ጋሽ ሙሔ ሲሞት ለቅሶ ደርሰናል። ከእኛ ጋር እንድትመጣ ሰይድ ለመናት፤ የባሌን ቤት ዘግቼ የት እሄዳለሁ አለችው። ከዚያ በኋላ ጥንቅሹን በሌሎች ሾፌሮች እንልከው ጀመር። አንድ ዓመት አንዱ ሾፌር እስሩን እንዳለ መልሶ አመጣው። ደርቆ እንደ ጭራሮ ሆኗል። የነገራችሁኝ ሰፈር የለም፣ ፈርሷል አለን። ሰይድ ሄዶ አየ፤ ቤቱ የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። በሰፈሩ መስጊድ ቢጠይቅ አንዱ፣ ናዝሬት የጋሽ ሙሔ ዘመዶች ዘንድ ሄዳለች አለው፤ ሌላው ከደሴ ሰው መጥቶ ወሰዳት አለው። ሁለቱም ቦታ ሄደን አላገኘናትም። ዘምዘምም ካደገች በኋላ ስልክ ስትደውልና ሰው ስትጠይቅ ኖራለች።

ለዘምዘም እውነቱን የነገርናት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሂክማን ከወለደች ወዲያ ነው። እስከዚያ ድረስ ያን ቀን የምታወራው በራሷ መንገድ ነበር። ለተማሪዎቿም ትነግራቸዋለች አሉ፤ እናቴ አዲስ አበባ ላይ ጠፍታ ከላይ ሆኜ ያገኘኋት ቀን ብላ። እውነቱን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ልጇን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ እትዬን ማን መንገድ መራት?» ብቻ ነው ያለችው።

ባለፈው ሳምንት ሂክማ ከጎማው ስትወርድ የት ቆመሽ እንደነበር አይቼሻለሁ አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ሸርተቴው ዘንድ ሮጠች። እኔ ወደ ላይ፣ አሁን ባዶውን ወደሚዞረው ወንበር፣ ትንሽ ቆሜ አየሁ። ነጠላ የሚያውለበልብ ሰው አልነበረበትም። ቤት ስገባ ደብተር አወጣሁ።

እትዬ ከድጃ ረዘም ያለች፣ ጠይም ሴት ናት። በግራ ቅንድቧ ላይ በልጅነቷ የወንጭፍ ድንጋይ የመታት ጠባሳ አለ። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ዛሬ አርጅታለች፤ ምናልባት መንገድ ላይ በዝግታ የምትሄድ ሴት ትሆናለች። የራያ ሰው ካገኘች ጥንቅሽ ደርሷል ወይ ብላ ሳትጠይቅ አትቀርም። ያያት ወይም ወሬዋን የሰማ ካለ እባካችሁ ንገሩን። ሞታም ከሆነ ንገሩን። ቆቦ መጥታችሁ የዘምዘም እናት ቤት የት ነው ብትሉ ያሳዩአችኋል።